አንበሳው የት አለ? ልጆችን ይዞ ባሌ ጫካ

በዚህ ወር ስለ ምግብ አልጽፍም። ሽሮውም በርበሬውም ትንሽ ይረፍ።

ምግብ ቤቴ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የአንበሳ ሥዕል አለ። ልጆች ምግባቸው እስኪደርስ ሥሩ ቆመው ያዩታል። ከዚያ ሁሌም ያው ጥያቄ ይመጣል፤ «ኢትዮጵያ ውስጥ የእውነት አንበሳ አለ?» ወላጆች «አለ እንጂ! የአንበሳ አገር አይደል እንዴ!» ይሉና ወደ ክትፏቸው ይመለሳሉ። ልጁ ግን አይለቅም፤ «አንተ አይተሃል?» እዚህ ላይ ጠረጴዛው ዝም ይላል።

እስቲ እኛ ትልልቆቹ እንጠያየቅ። አንበሳ አውቶቡስ ተሳፍረናል፣ አንበሳ ጫማ ተጫምተናል። ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ያለው የድንጋይ አንበሳ ጋ ስንቱን ሰው ቀጥረናል። ጣልያን በወረራው ጊዜ ሮም ድረስ ወስዶት በኋላ የተመለሰውን የለገሃሩን የይሁዳ አንበሳም እናውቀዋለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ነው ያደግነው። ጫካ ውስጥ ያለውን፣ ሥጋና ፀጉር ያለውን ግን ስንቶቻችን አይተናል?

እኔ በሕይወቴ ሕያው አንበሳ ያየሁት ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ፣ ተማሪ ሆኜ። ሁለተኛው፣ አትሳቁብኝ፣ እዚሁ ቬጋስ ኤም.ጂ.ኤም. ግራንድ ካሲኖ ውስጥ ነው። አዲስ መጤዎቹ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ እስከ 2012 ድረስ እዚያ በመስታወት የታጠረ የአንበሳ ቤት ነበር፣ መግቢያው በነጻ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ለልጆቹ እንዲመች።) አንበሳው ከመስታወቱ ወዲያ ተጋድሞ ይተኛል፣ ከወዲህ የቁማር ማሽኑ ይንጫጫል። እንግዳ ከኢትዮጵያ ሲመጣብኝ እወስደው ነበር። አንዱ ዘመዴ «እዚህ ድረስ መጥቼ የራሴን አገር አንበሳ ታሳዪኛለሽ?» ብሎ አስቆኛል።

ስለዚህ ካቻምና ትምህርት ቤት ለፈረንጆቹ ገና ሲዘጋ፣ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ባሌ ሄድኩ። ወንዱ አሥራ አራት፣ ሴቷ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ለምን በበጋ ዕረፍት አልሄዳችሁም የምትሉ ካላችሁ፣ የእዚህ በጋ የዚያ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ባሌ ዝናቡ አያሳልፍም፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይሻላል። ሌሊቱ ግን ውሃ ያረጋል፤ «አፍሪካ ሙቀት ነው» ያሏችሁን ሰዎች አትስሙ፣ ወፍራም ጃኬት ያዙ።

ያደርነው ጎባ ከተማ ነው። ሹፌራችን ማታ «እትዬ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሣለን» ብሎኝ ሄደ። ልጄ ይሄን ሰምቶ ስልኩን 11 ሰዓት ላይ ሞላና ተኛ። ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ፤ አገር ቤት ሰዓት የሚቆጠረው ከፀሐይ ጋር ነው። ሌሊት 11 ማለት የእናንተ 5 ኤ.ኤም. ነው። ሹፌሩ በሩን ሲያንኳኳ የልጄን ፊት ብታዩት!

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ2,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከጎባ ወደ ደቡብ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያገኙት የሳነቲ አምባ ነው። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከቤታችን በረንዳ የምናየው የማውንት ቻርልስተን ጫፍ እንኳ 3,632 ሜትር ነው፤ ሳነቲ ላይ መኪና የሚነዳው ከዚያ በላይ ነው። ትንፋሽ ያጥራል፣ ራስም ያማል። ልጆች እንዳይሮጡ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። የልብ ወይም የአስም ችግር ያለበት ሰው ካለ ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

እዚያ ላይ ዛፍ የለም። ጅብራው ብቻውን እንደ ዘበኛ ቆሟል፣ መሬቱ በውርጭ ነጭቷል። ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ቀይ ቀበሮ አየን፣ ሦስት። ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጠው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው እዚሁ ባሌ ነው። ሴቷ ልጄ ደብተሯ ላይ «ድመት፣ 3» ብላ ልትጽፍ ስትል አስጎብኚያችን ሳቀ። ቀይ ቀበሮ የውሻ ወገን ነው፣ ከድመት ዘር አይቆጠርም።

ድመቱ የመጣው ትንሽ ቆይቶ ነው። ከመንገዱ ዳር ሣሩ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች ብቅ አሉ፣ ሌላ ምንም አይታይም። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ያ ነገር እንደ ምንጭ ወደ ላይ ዘለለ፣ በፊት እግሮቹ ሣሩን መታ፣ አይጥ በአፉ ይዞ ሄደ። አነር ነው፣ ፈረንጆቹ ሰርቫል የሚሉት። ረጅም እግር፣ ነጠብጣብ ያለው ቆዳ፣ አጭር ጭራ። አሥር ሰከንድም አልሞላም። ልጄ ስልኩን አውጥቶ እስኪያስተካክል አልቋል። አስጎብኚው «መጀመሪያ በዓይንህ እይ፣ ስልኩ ይደርሳል» አለው። ይሄን ምክር በየልደቱና በየሠርጉ ብናውለው እንዴት ጥሩ ነበር።

ከሳነቲ ጫፍ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። በአንዴ ሌላ ዓለም ነው። የአስታ ዛፎች ከቅርንጫፋቸው እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠል ሽበት አላቸው፣ ጉሙ በመሃላቸው ይሄዳል። ዝቅ ሲሉ ደግሞ ትልልቁ ዛፍ፣ ጉሬዛው፣ ሥር ለሥር በራሱ የበቀለ የጫካ ቡና። ይሄ የሐረና ጫካ ነው። አንበሳው ያለው እዚህ ነው።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። ቴሌቪዥን ላይ የምናየው አንበሳ ሜዳ ላይ ነው፣ ከሩቅ ይታያል። የሐረና አንበሳ ግን ጫካ ውስጥ የሚኖር ነው። ሃያ ሜትር ላይ ቁጭ ብሎ ሊያያችሁ ይችላል፣ እናንተ አታዩትም። ደግሞ አንበሳ በቀን እስከ ሃያ ሰዓት ድረስ የሚተኛ እንስሳ ነው። (ይሄን ለባሌ ነግሬው «እኔም አንበሳ ነኛ» ብሎኛል።) ስለዚህ እዚያ ያለው ሥራ አንበሳን ማየት ከመሆኑ በፊት የአንበሳን ወሬ ማንበብ ነው።

አስጎብኚያችን ልጆቹን ከመኪና አውርዶ፣ ጠመንጃ የያዘው የፓርኩ ስካውት ከፊት ከፊት እየሄደ፣ ቀስ ብሎ አስተማራቸው። መጀመሪያ ጆሮ። ጉሬዛ ነብር ሲያይ የሚያሰማው ሻካራ ጩኸት አለ፤ ያ ከተሰማ ዝንጀሮውን ትታችሁ ዝንጀሮው የሚያየውን እዩ። ቀጥሎ መሬት። የአንበሳ ኮቴ አራት ጣትና አንድ ትልቅ መዳፍ ነው፣ የጥፍር ምልክት ግን የለውም። የድመት ዘር ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ነው። ጅብና ውሻ ግን ጥፍራቸው ከጣታቸው ፊት ነጥብ ነጥብ ያደርጋል። ከድመቶቹ መሃል ልዩ የሆነው አቦሸማኔ ነው፤ ጥፍሩን ሙሉ በሙሉ አይሰበስብም፤ ለሩጫ እንደ ስፖርት ጫማ ይጠቀምበታል።

ከሪራ መንደር በታች፣ ውሃ ያቆረ ጭቃ ላይ አገኘነው። ልጄ ጎንበስ ብሎ እጁን ከላዩ ዘረጋ። ጣቶቹን ከፍቶ እንኳ ኮቴው ሊሸፈን ትንሽ ነው የቀረው። ስካውቱ ጠርዙን በጣቱ ነካ አድርጎ «ዛሬ ሌሊት ነው» አለ። ጠርዙ ገና አልደረቀም፣ ቅጠልም አልወደቀበትም። ሴቷ ልጄ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጫካውን ዞር ዞር ብዬ ማየት ጀመርኩ።

እንግዲህ በዚያ ቀን ያገኘነው ትልቁ ነገር ይሄ ኮቴ ነው። እስከ ማታ ቆየን፣ አንበሳ አላየንም።

ግን ሪራ ላይ ቡና ጠጣን። አንዲት እናት፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅ፣ ከጫካው የለቀመችውን ቡና ቆልታ፣ ከራሷ ቀፎ ማር አቀረበችልን። ባሌ ላይ ቀፎውን ዛፍ ላይ ነው የሚሰቅሉት። የምትናገረው ኦሮምኛ ነው፣ አስጎብኚው ይተረጉምልናል። አንበሳ ልናይ እንደመጣን ሲነግራት ፈገግ አለችና ከክረምቱ በፊት ጊደሯን አንበሳ እንደበላባት ነገረችን። ከከብቶቹ ጋር ስትመለስ ወደኋላ ቀርታ ነው። አጥንቷን በማግስቱ አገኙት።

ልጄ «ታዲያ ለምን አልገደላችሁትም?» ብሎ ጠየቀ። እኔ አፈርኩ፣ እሷ ግን አልከፋትም። ሕጉ አይፈቅድም አለች። ደግሞ ከጫካው ሁሉም ይበላል፣ እኛ ማሩን እንወስዳለን አለች። ከዚያ ቡናውን እየቀዳች የተናገረችውን አስጎብኚው ሲተረጉምልን ዝም አልን። «ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ አንበሳው የት አለ ይለኛል። ስለ ጊደሬ የጠየቀኝ የለም።»

ሴቷ ልጄ ትንሽ አሰበችና «ስሟ ማን ነበር?» አለች።

እናትየው ጥያቄው ሲተረጎምላት ሲኒውን አስቀመጠች። «ቡሬ» አለች። ከዚያ ግንባሯ ላይ ስለነበረው ነጭ፣ ጥጃ ሆና ቤት ውስጥ ስለማደሯ፣ ስንት ወር ቢቀራት ትወልድ እንደነበር እያወራች ቶናውን ያህል ቆየን። ልጄ ደብተሯ ላይ ከ«አነር፣ 1» ሥር «ቡሬ» ብላ ጻፈች፣ በአማርኛ ፊደል።

ይሄን ያነሣሁት በምክንያት ነው። እኛ ዳያስፖራዎች አንበሳን እንወዳለን፣ ቲሸርት ላይም አንገት ላይም እናደርገዋለን። አንበሳውን ግን በራሷ ከብት የምትቀልበው ያቺ እናት ናት። በመላው አፍሪካ በዱር የቀረው አንበሳ ሃያ ሺህ ገደማ እንደሆነ ይገመታል። የሚያልቀውም ጫካው ሲመነጠር፣ የሚያድነው እንስሳ ሲጠፋ፣ እሱም ወደ በረት ሲመጣና ሰው ሲበቀለው ነው። ስለዚህ ባሌ ከሄዳችሁ አስጎብኚ ከአካባቢው ቅጠሩ፣ ማሩንና ቡናውን ከእነሱ ግዙ፣ አትከራከሩ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ መከራከር እወዳለሁ፤ እዚያ ግን አልተከራከርኩም።

ወደ ጎባ ስንመለስ ወንዱ ልጄ «አሥራ አራት ሰዓት መኪና ውስጥ፣ ለአንድ የእግር ምልክት?» ብሎ አጉረመረመ። አውቃለሁ፣ የእናንተም ይላል። ለእሱ ዓይነቱ ሁለት መፍትሔ አለ።

አንዱ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ነው። አንበሳ ግቢን ያቋቋሙት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፣ በ1948። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ልጆቼም «ለምን እዚህ ይታሰራል?» ብለው ጠይቀውኛል፣ ጥያቄያቸውም ልክ ነው። ነገር ግን ጎፈሩን በደንብ እዩት። ጥቁር ቡናማ ነው፣ በደረቱ በኩል እስከ ሆዱ ይወርዳል። በ2012 የወጣ ጥናት የአሥራ አምስቱን የዚያ ግቢ አንበሶች ዘረመል መርምሮ፣ ለንጽጽር ከቀረቡት የዱር አንበሶች የተለዩ ሆነው አግኝቷቸዋል። ማለትም ያ ጠባብ ግቢ የያዘው ዘር እንዲህ በቀላሉ ሌላ ቦታ የሚገኝ አይደለም። በ2016 ደግሞ በአማራ ክልል ከሱዳን ድንበር አጠገብ ባለው አልጣሽ ፓርክ፣ በተጠመደ ካሜራ አንበሳ በፎቶ ተይዟል። የአካባቢው ሰው መኖሩን ድሮም ያውቅ ነበር፤ ዓለም ነው ያኔ የሰማው።

ሁለተኛው ናይሮቢ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ከከተማው ጋር የተያያዘ ነው፤ አንበሳው ከፊት፣ ፎቁ ከኋላ ይታያል። ሜዳ ስለሆነ ጠዋት በር ሲከፈት ከገባችሁ በአንድ ቀን አንበሳ የማየት ዕድላችሁ ከሐረና እጅግ ይበልጣል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ኢ.ቲ.ኤ. የሚባለውን ፈቃድ አስቀድማችሁ በኢንተርኔት አውጡ፣ ከኢትዮጵያ ስለምትገቡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም ያዙ። የትም ብትሄዱ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

እግረ መንገዴን አንድ የቋንቋ ነገር። ልጆቻችን «ታይገር በአማርኛ ምንድነው?» ሲሉን «ነብር» እንላቸዋለን። «ሌፐርድስ?» ሲሉን ያው «ነብር»። ልጁ ግራ ይጋባል። ባለ ሽንትሩ የእስያ ነው፣ አፍሪካ ዱር ውስጥ የለም። የእኛ ነብር ባለ ነጠብጣቡ ነው። ግስላ የምንለው ጥቁሩም የተለየ እንስሳ አይደለም፣ ቀለሙ የጠቆረ ነብር ነው። ነብርና አቦሸማኔ የሚምታቱባችሁ ደግሞ ፊቱን እዩ፤ ከዓይኑ እስከ አፉ እንደ እንባ የወረደ ጥቁር መስመር ካለው አቦሸማኔ ነው።

አገር ቤት መሄድ ዘንድሮ ያልሞላላችሁ፣ ትኬቱ ለአምስት ሰው ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከሰመርሊን ሳትወጡ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። በግቢ አጥራችን ላይ ሲሄድ የምናየው ያ ጭራ ቆራጣ፣ ጆሮው ላይ ጸጉር ያለው ድመት ቦብካት ነው። ጥንቸል ፍለጋ ነው የሚመጣው። አትቅረቡት፣ አታብሉት፣ ትናንሽ ውሾችን በጠዋትና በምሽት ብቻቸውን አትልቀቁ። ከበላያችን ባሉት ተራሮች ደግሞ ማውንቴን ላየን አለ። ስሙ ላየን ይሁን እንጂ አያገሳም፤ እንደ ቤት ድመት ያንኮራፋል። ከሰው ይሸሻል፣ የማየት ዕድላችሁም በጣም ጠባብ ነው። ቢያጋጥማችሁ አትሩጡ። ትንሹን ልጅ አንሡ፣ ቁመታችሁን አግዝፉ፣ ጩኹ፣ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ራቁ።

ሬድ ሮክ ካንየን በቻርልስተን ጎዳና ቀጥ ብሎ ነው፣ ከቤታችን ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከኦክቶበር እስከ ሜይ በመኪና ወደ ዙሪያ መንገዱ ለመግባት ሰዓት አስቀድሞ በኢንተርኔት ማስያዝ ያስፈልጋል። ዝናብ በጣለ ማግስት በጠዋት ሂዱ፣ ያኔ አሸዋው ኮቴ ይይዛል። ከመንገዱ አትውጡ፣ የምታዩትንም አታንሡ፣ በደብተር ሣሉት።

ልጆች፣ ሥዕሉን ምግብ ቤት አምጡልኝ። አራት ጣት፣ ትልቅ መዳፍ፣ ጥፍር የሌለው ከሆነ ትኩስ ሳምቡሳ በእኔ። ጥፍር ካለው የጎረቤት ውሻ ነው፣ ግን ለድካማችሁ ግማሽ ሳምቡሳ አለ። በሚቀጥለው ወር ወደ ማዕድ ቤት እንመለሳለን፤ ስለ ባሌ ማር ጠጅ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ።